መንዝን በእግር፦ ለጀማሪ ተጓዥ የሚሆን የደጋ ጉዞ

የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ አገር በሰሜን ሸዋ ያለ ሰፊ አምባ ነው። በምሥራቅ በኩል ወደ አፋር ቆላ በገደል ይቆረጣል፤ በምዕራብ በኩል የጀማ ወንዝና ገባሮቹ ሸንሽነውታል። በግሼ በኩል የሚገኘው የአቡየ ሜዳ ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። መንዝ ውስጥ ያለው የጓሳ ሜዳ ደግሞ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ድረስ ከፍ ይላል።

ብዙ ሰው የተራራ ጉዞን ከግርጌ ተነሥቶ፣ እያለከለከ ጫፍ ላይ መድረስ አድርጎ ያስበዋል። የሰሜን ተራሮችና የባሌ ዝና የተገነባውም በአብዛኛው በዚህ ዓይነት የብዙ ቀን ጉዞ ነው። መንዝ ግን ሌላ ነው። ከፍታውን የሚወጣው መኪናው ነው፤ እግረኛው የሚጓዘው በአምባው አናት፣ ሣር በለበሰ ገር መሬት ላይ ነው። በእግር ብዙ ተጉዞ ለማያውቅ የከተማ ሰው፣ ለልጆችም ሆነ ለጎልማሶች፣ ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ከሚደረስባቸው ከፍታዎች ውስጥ እንደ ጓሳ የሚመች አይገኝም። አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ምቾት ነው፤ መኪናው ሰውነት ሊለምደው ከሚችለው በላይ ፈጥኖ ሰውን ከፍታ ላይ ያደርሰዋል። የጉዞው ዕቅድ ሁሉ ይህን አንድ ነገር ይዞ ቢነሣ ይበጃል።

የከፍታ ሕመም ከ2500 ሜትር ገደማ ጀምሮ ሊታይ ይችላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋትና እንቅልፍ ማጣት የተለመዱት ምልክቶቹ ናቸው። የአዲስ አበባ ነዋሪ 2400 ሜትር አካባቢ ስለሚኖር ከባሕር ጠረፍ ወይም ከውጭ አገር ከሚመጣው ይሻላል። ለበዓል የመጣ የዲያስፖራ ዘመድ፣ በተለይም በቅርብ ቀን ከአውሮፕላን የወረደ ከሆነ፣ ጥቂት ቀናት አዲስ አበባ ቢሰነብት ይመረጣል። ከዚያ በኋላም የመጀመሪያውን ሌሊት በቀጥታ ጓሳ ላይ ከማሳለፍ ይልቅ 2840 ሜትር ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ማደር ትልቅ ልዩነት ያመጣል። በዚያ ምሽት ውኃ በብዛት መጠጣት፣ ቀለል ያለ ራት መብላት፣ የአገሩን አረቄም ለመልስ ጉዞ ማቆየት ይሻላል። ሕመሙ ሲጠና መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ታች መውረድ። በመንዝ መኪና እስካለ ድረስ ይህ ቀላል ነው።

ጊዜን በተመለከተ፣ ሐምሌና ነሐሴ መንገዱ የሚጨቀይበት፣ ጉሙም ገደሉን ሸፍኖ የሚውልበት ወቅት ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ ሰማዩ ይከፈታል፤ ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው፤ አበባውም አልረገፈም። ከጥቅምት እስከ ጥር አየሩ ጥርት ያለ በመሆኑ ከገደሉ አፋፍ ሆኖ እስከ ቆላው ድረስ ማየት ይቻላል። ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ለብሶ የሚገኝበት ቀን ብዙ ነው። የሙቀት መጠን በእያንዳንዱ 1000 ሜትር ከፍታ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፣ አዲስ አበባ ላይ ብርድ የሚባለው ሌሊት ጓሳ ላይ ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል። ከየካቲት በኋላ ያለው የበልግ ዝናብ እምነት አይጣልበትም፤ አንዳንድ ዓመት ይመጣል፣ አንዳንድ ዓመት ይቀራል።

መንገዱ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሄዳል። በሕዝብ ማመላለሻ ለሚሄድ ሰው የደብረ ብርሃን አውቶቡሶች መነሻ የላምበረት መናኸሪያ ነው። በራሱ መኪና የሚጓዝ ሰው በለጋ ቅቤዋ በምትታወቀው ሸኖ ቆም ሊል ይችላል፤ እስከዚያ ድረስ ያለው አገር ግራና ቀኙ የገብስና የስንዴ ማሳ ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ትገኛለች። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰማይ የታየ ብርሃንን ምክንያት አድርገው የቆረቆሯት ከተማ ናት። ግማሽ ቀን የተረፈው መንገደኛ ከዚህ ወደ ምሥራቅ ተገንጥሎ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው የቀድሞዋ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ፣ አንኮበር ቢሄድ አይቆጭም። የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ አጭር ዳገት ለእግርም ለሳንባም ጥሩ ማሟሟቂያ ነው። ነዳጅ መሙላት፣ ጥሬ ገንዘብ ማውጣትና የጎደለ ስንቅ መግዛት እዚሁ ደብረ ብርሃን ላይ ቢያልቅ መልካም ነው፤ ከዚህ ካለፉ በኋላ ሁሉም ነገር ይሳሳል።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት የሚደረሰው ታርማበር ነው። ዋናው የደሴ መንገድ እዚህ ላይ ከደጋው ጠርዝ ተነሥቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን በተሠራው ዋሻ፣ 600 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ባለው፣ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። የጉዞው የመጀመሪያው ታላቅ እይታ ይህ ነው። አፋፉ ላይ ሲቆም፣ ከእግር ሥር በጠመዝማዛ መንገድ የተሰፋው ተዳፋት፣ ከዚያ የደብረ ሲና ቤቶች፣ ከዚያ ደግሞ በሙቀት ጭጋግ የደበዘዘው ቆላ በየተራ ይታያሉ። በዚሁ አካባቢ የምኒልክ መስኮት እየተባለ የሚጠራ የገደል ጠርዝም አለ። ነፋሱ ብርቱ ስለሆነ ልጆችን እጃቸውን ይዞ መቆም፣ ፎቶ ለማንሳት ሲባልም ወደ ጫፉ አለመጠጋት የግድ ነው።

ወደ ጓሳና ወደ መሐል ሜዳ ከተማ የሚወስደው መንገድ ከዋናው አስፋልት የሚለየው በዚሁ በታርማበር ነው። እዚህ ላይ አገሩ ፊቱን ይለውጣል። ዛፉ ይመናመናል፤ በድንጋይ ካብ የተሠሩ፣ ጣራቸው በሣር የተከደነ ክብ ቤቶች ይበዛሉ። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ክዳኑም ጥቅጥቅ ያለ። ክዳኑ ተጠግቶ ሲታይ ረጅምና ጠንካራ የሆነው፣ ዝናብ የማያበሰብሰው ጓሳ የተባለው ሣር ነው። ይኸው ሣር ገመድ ይጎነጎንበታል። ሜዳውም ስሙን ያገኘው ከዚህ ሣር ነው።

የጓሳ ሜዳ ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ ይገኛል። እስከ ዛሬ የቆየው በሰው ጥበቃ ነው። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመንዝ ሰው ሜዳውን በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል። በአካባቢው አፈ ታሪክ መሠረት አስቦና ጌራ የተባሉት አቅኚ አባቶች መሬቱን ተካፈሉ፤ ዘሮቻቸውም አለቃ እየመረጡ ሣሩን ያስጠብቁ ነበር። ሜዳው ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ማጨድም፣ ማገዶ መልቀምም፣ ከብት ማሰማራትም ክልክል ነበር። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈት፣ ክረምት ሲገባ ተመልሶ ይዘጋ ነበር። በ1967 ዓ.ም የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የርስት ሥርዓቱን ሲያስቀር ቄሮም አብሮ ፈረሰ፤ ሜዳውም ለጊዜው ለሁሉም የተለቀቀ ሆነ። ጉዳቱን ያየው ሕዝብ በኋላ ጥበቃውን በአዲስ ደንብና ኮሚቴ መልሶ አቋቋመው፤ የክልሉ መንግሥትም የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ አድርጎ እውቅና ሰጠው። በአገሪቱ ከመንግሥት ፓርኮች ቀድሞ በሕዝብ የተጠበቀ የዱር አገር አለ ከተባለ ይህ ነው። ጎብኚው የሚከፍለው የመግቢያና የማደሪያ ገንዘብም በዚህ ዓይን ሊታይ ይገባዋል።

ከሜዳው እንስሳት ቀድሞ የሚታየው ጭላዳ ዝንጀሮ ነው። ጭላዳ ሌሊቱን በገደሉ ላይ ያሳልፋል፤ ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ወጥቶ ተቀምጦ ሣር ይግጣል። አንዳንዱ መንጋ ከ200 በላይ ይሆናል። ወንዱ የአንበሳ ጎፈር የመሰለ ፀጉርና በደረቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው። ከ1998 ዓ.ም ጀምሮ ተመራማሪዎች እዚያው ሰፍረው ሲያጠኑት ስለቆዩ ከብዙ ቦታ ይልቅ ሰውን ለምዷል። መመገብ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ምግብ የለመደ ጭላዳ ወደ ገበሬው ማሳ ይወርዳል።

ሁለተኛው ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም፤ ሙሉ ለሙሉ ያደጉት ከ500 አይበልጡም። ቀይ ቀበሮው ፍልፈልና አይጥ ፍለጋ በጭላዳው መሐል ቀስ እያለ ሲዘዋወር መመልከት የጓሳ ልዩ ጸጋ ነው። ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፤ እርሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም። ጓሳ ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀበሮው በጭላዳ መሐል ሲያድን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ከአራት አንዱ ብቻ። ይህን ለማየት የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። ቁጭ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ አጉሊ መነጽር ይዞ መጠበቅ ያስፈልጋል። የቤት ውሻ ይዞ መሄድ ነውር ብቻ ሳይሆን ጉዳት ነው፤ ቀይ ቀበሮን በጅምላ የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው ከውሻ ነውና።

ለጀማሪ የሚሆነው የእግር መንገድ ከማደሪያው ተነሥቶ በሜዳው ላይ እየዞረ ወደ ገደሉ አፋፍ የሚያደርስና የሚመልስ የግማሽ ቀን ጉዞ ነው። መሬቱ ሞገድ ሞገድ ያለ ነው፤ ጉብታው ሁሉ ገር ነው። ጓሳው በጉቶ በጉቶው ስለሚበቅል ግን እግር ይጠልፋል፤ ቁርጭምጭሚትን የሚይዝ ጫማ ያስፈልጋል። በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞተው ጅብራ እንደ ምሰሶ ቆሞ ይታያል፤ ረግረጉም ውኃ ያቀርራል። ከዚህ ሜዳ የሚመነጩት ወንዞች ከፊሉ በጀማ በኩል ወደ ዓባይ፣ ከፊሉ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ከተማ ውስጥ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር የሚራመድ ሰው እዚህ ሦስት ቢያደርግ በቂ ነው። ልኩ እንዲህ ነው፤ እየተራመዱ ማውራት ካቃተ ፍጥነቱ በዝቷል።

ጀማሪ ሊጠነቀቅበት የሚገባው ቁልቁለቱን ነው። ከገደሉ ሥር ወዳሉት መንደሮች የሚወርዱ የእግር መንገዶች አሉ፤ የአገሬው ሰው በየገበያው ቀን ይመላለስባቸዋል። መውረዱ ቀላል መስሎ ይታያል። ዳገቱ ግን የሚመጣው ጉልበት ካለቀ በኋላ፣ ፀሐይ በበረታችበት፣ አየር በሳሳበት ነው። በመጀመሪያው ጉዞ ከአፋፉ አለመውረድ ብልህነት ነው፤ መውረድ የፈለገም ግማሽ ሰዓት ከወረደ ለመመለስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይያዝ። ያለ አካባቢው ጠባቂ ወይም መንገድ መሪ መውጣትም አይገባም፤ ጉም ሲወርድ በሜዳው ላይ አቅጣጫ የሚያስታውስ ምልክት ይጠፋል።

ጓሳ ላይ የማኅበረሰቡ ሎጅና ድንኳን መትከያ ቦታ አለ። ሎጁ ቀላል ነው፤ ሆቴል ጠብቆ የሚሄድ ያዝናል፣ ምድጃ ዳር ተቀምጦ ማምሸት የሚወድ ግን ይደሰታል። ስንቅ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽና ዳቦ ከማንኛውም የታሸገ ምግብ ይልቅ ለዚህ አገር ይስማማሉ። ጋቢ፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ የዝናብ ልብስ፣ የእጅ ባትሪና የፀሐይ መከላከያ ቅባት አይረሱም። ብርዱ ፀሐይዋን ስለሚያስረሳ ብዙ ሰው ፊቱ ተልጦ ይመለሳል። ከጓሳ አለፍ ብላ ያለችው መሐል ሜዳ የገበያ ከተማ ናት። ከመንዝ በግ ጸጉር የሚሠራው ባናና በርኖስ የዚህ አገር ሙያ ነው፤ ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። ከሸማኔው እጅ መግዛት ብርዱንም ይከላከላል፣ ባለሙያውንም ይደግፋል።

መርሐቤቴን በዚሁ ጉዞ ላይ መጨመር ጊዜ ያጣብባል፤ ለብቻው ቢያዝ ይሻላል። መንገዱ ከአዲስ አበባ በሙከጡሪ ተገንጥሎ በለሚ በኩል ወደ ዓለም ከተማ ይሄዳል። ከለሚ በኋላ ደጋው በድንገት ተቆርጦ የጀማ ሸለቆ ይከፈታል፤ መኪናው ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ወንዙን ይሻገርና ተመልሶ ይወጣል። ጋቢ ለብሶ የተነሣ መንገደኛ ድልድዩ ላይ ሲደርስ በሸሚዝ ይቀራል። በሸለቆው ውስጥ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ የቆቅ ዝርያ ስለሚኖር ወፍ ተመልካቾች ቦታውን ይወዱታል። እዚህ የእግር ጉዞ የሚደረገው በማለዳ፣ በአፋፉ ላይ ነው፤ በቀትር ወደ ሸለቆው መውረድ ለጀማሪ አይመከርም። በመልስ ጉዞ ከሙከጡሪ ወደ ፍቼ አቅጣጫ ያለውን ደብረ ሊባኖስ ገዳም መሳለም ይቻላል።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም ወዲህ የአማራ ክልል በትጥቅ ግጭት ስለተፈተነ ማንኛውም የጉዞ ዕቅድ በመንገዱ ደኅንነት ላይ ይመሠረታል። ከመነሳት በፊት ደብረ ብርሃን ወይም መሐል ሜዳ ያለ የሚታመን ሰው መጠየቅ፣ በየከተማው እየደረሱ መረጃውን ማደስ፣ ከመሸ በኋላ አለመንቀሳቀስ ይገባል። አስተማማኝ መልስ ካልተገኘ ጉዞውን ማዘግየት እንጂ መሞከር ተገቢ አይደለም። መንገዱ ሰላም ነው ሲባል ግን ወጣቶች፣ ቤተሰቦችና ተማሪዎች ቅድሚያ ሰጥተው ወደ ጓሳ ይሂዱ፤ ሜዳውን ለዘመናት የጠበቁት የመንዝ ገበሬዎች ከጎብኚ የሚያገኙት ገቢ ጥበቃው እንዲቀጥል ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ነው።