የጥንታዊት ኑብያ ቤተ መቅደሶች

ቤተ መቅደስ ማለት አንድ ሕዝብ ለሚያመልከው አምላክ ማደሪያ ይሆን ዘንድ የሚያንጸው ሕንፃ ነው። በጥንት ዘመን ብዙ ሕዝቦች ለራሳቸው መኖሪያ ጭቃና እንጨት ሲበቃቸው፣ ለአምላካቸው ግን ጽኑውን ድንጋይ መርጠዋል። ስለዚህም መንደሩ ፈርሶ፣ ከተማውም ጠፍቶ፣ ቤተ መቅደሱ ብቻውን ቆሞ ይገኛል። የአንድን ጥንታዊ ሕዝብ እምነት፣ ጥበብና የአገዛዝ ሥርዓት ለመረዳት የሚሻ ሰውም በቅድሚያ የሚመረምረው ይህንኑ ሕንፃ ነው።

የጎረቤታችን የሱዳን ሰሜናዊ ክፍል፣ በጥንት ስሙ ኑብያ ወይም ኩሽ የሚባለው አገር፣ በእንዲህ ያሉ ሕንፃዎች የታወቀ ነው። በዓባይ ወንዝ ዳር የግብፅ ፈርዖኖች ያሠሯቸው ቤተ መቅደሶች አሉ፤ የኩሽ ነገሥታት ያሳነጿቸውም አሉ። ንግሥት ሐትሼፕሱት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዓመት ሆረስ ለተባለው አምላክ በቡሄን ያሠራችው ቤተ መቅደስ ከፈርዖኖቹ ሥራዎች አንዱ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የኩሽ ነገሥታት ኃይላቸው በርትቶ ግብፅን እስከ መግዛት ደረሱ። ጀበል ባርካል በተባለው ተራራ ሥር የሚገኘውን የአሞን ቤተ መቅደስ ያስፋፋው ንጉሥ ፒዬ ከእነዚሁ ነገሥታት አንዱ ነው።

የታላላቆቹ ቤተ መቅደሶች አሠራር በአብዛኛው አንድ ሥርዓት የተከተለ ነው። በመጀመሪያ በበሩ ግራና ቀኝ፣ ከታች ሰፍተው ወደ ላይ እየጠበቡ የሚሄዱ ሁለት ግንቦች ይቆማሉ። በሩ ሲታለፍ ጣሪያ የሌለው ሰፊ አደባባይ ይገኛል። ከዚያ ቀጥሎ ጣሪያው በብዙ ዓምዶች የተደገፈ አዳራሽ አለ። በመጨረሻም የአምላኩ ምስል የሚቀመጥበት ጠባብና ጨለማ ክፍል ይመጣል። ወደ ውስጥ በተዘለቀ ቁጥር ወለሉ ከፍ፣ ጣሪያው ዝቅ እያለ፣ ብርሃኑም እየቀነሰ ይሄዳል። በዚህም ሕንፃው ራሱ ወደ ቅዱሱ ስፍራ መቅረብ በደረጃ መሆኑን ያስተምራል። ወደ ውስጠኛው ክፍል መግባት የሚፈቀደው ለንጉሡና ለካህናቱ ብቻ ነበር። እምነቱ ፈጽሞ የተለየ ቢሆንም፣ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብለው የተከፈሉትን የሀገራችንን አብያተ ክርስቲያናት የሚያውቅ ተማሪ ይህን አከፋፈል ለመረዳት አይቸገርም።

ከካርቱም በስተ ሰሜን ምሥራቅ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በናጋ ግን ለየት ያለ ቤተ መቅደስ ይታያል። ይህን ባለ አንድ ክፍል ሕንፃ ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት ያሠሩት ንጉሥ ናታካማኒና ንግሥት አማኒቶሬ ናቸው። የሚመለክበትም የአንበሳ ራስ ያለው አፔደማክ የተባለው አምላክ ነበር። በአንደኛው የፊት ግንብ ላይ ንጉሡ፣ በሌላው ላይ ንግሥቲቱ ጠላቶቻቸውን ሲመቱ ተቀርጸዋል። የሁለቱ ምስል በመጠን እኩል መሆኑ በሜሮዌ መንግሥት የንግሥቶች ሥልጣን ምን ያህል ከፍተኛ እንደ ነበረ ያስረዳል። በመጽሐፍ ቅዱስ «ህንደኬ» ተብሎ የተጠቀሰውም ስም የእነዚህ ንግሥቶች ማዕረግ ነው።

በዚሁ ሕንፃ የኋላ ግድግዳ ላይ አፔደማክ ሦስት ራስና አራት ክንድ ኖሮት ይታያል። በህንድ አገር በሂንዱ ቤተ መቅደሶች ብዙ ራስና ብዙ ክንድ ያላቸው አማልክት ስለሚገኙ፣ አንዳንድ ሊቃውንት ሐሳቡ ከህንድ የመጣ ሳይሆን አይቀርም ብለው ነበር። ነገር ግን ቅርጹ በጥንቃቄ ሲታይ፣ የንጉሡ ቤተ ሰብ ከግራም ከቀኝም ወደ አምላኩ ሲቀርብ ይገኛል። ስለዚህ አምላኩ በሁለቱም ወገን ያሉትን በአንድ ጊዜ እንዲቀበል፣ የአገሩ ቀራፂ በራሱ ጥበብ የፈጠረው መፍትሔ ነው የሚለው አስተያየት ይበልጥ ያሳምናል።

እ.ኤ.አ. በ1960 የአስዋን ታላቅ ግድብ ሥራ ሲጀመር፣ የግድቡ ውኃ የኑብያን ምድር እንደሚያጥለቀልቅ ታወቀ። ወደ 50,000 የሚጠጉ ሱዳናውያን ኑብያውያን መንደራቸውን ትተው በአትባራ ወንዝ አጠገብ ወደ ተዘጋጀላቸው አዲስ ሰፈር ሄዱ። ቅርሶቹን ለማዳን ደግሞ ዩኔስኮ ለዓለም ሕዝብ ጥሪ አቀረበ። የቡሄን፣ የሰምናና የኩማ ቤተ መቅደሶች ድንጋያቸው አንድ በአንድ እየተነሣ ወደ ካርቱም ተጓጓዘ፤ ፍሪድሪሽ ሂንከል በተባለ ጀርመናዊ አርኪቴክት መሪነትም በብሔራዊው ሙዚየም ግቢ እንደገና ተተከለ። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ1971 ተከፈተ። በቤተ መቅደሶቹም መካከል የዓባይን ወንዝ እንዲያስታውስ የውኃ ቦይ ተሠራ።

ከውኃ የዳነው ቅርስ ግን ከጦርነት አላመለጠም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ውጊያ ተነሣ፤ ሙዚየሙም በውጊያው ቀጠና ውስጥ ወደቀ። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 አካባቢው በመንግሥቱ ጦር እጅ ሲገባ፣ የወርቅ ጌጣጌጥና ሌሎች ለመሸከም የሚቀሉ ዕቃዎች ተዘርፈው ተገኙ። የንጉሥ ታሃርቃን የመሰለ ታላቅ የድንጋይ ሐውልት ከስፍራው ሳይነሣ የቀረው ከክብደቱ የተነሣ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ቁም ነገር አለ። ድንጋይ ምንም ጽኑ ቢሆን ራሱን አይጠብቅም። የእኛው የይሐ ቤተ መቅደስ ከ2,500 ዓመት በላይ ሊቆም የቻለው በኋላው ዘመን የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ላይ ውሎ ሰው ስላልተለየው ጭምር ነው። የተሰረቀ ቅርስ ገዢ እስካገኘ ድረስ ዘራፊ አይጠፋም። ስለዚህ ቅርስን ማወቅ፣ መመዝገብና መጠበቅ የሙዚየም ሠራተኞች ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ዜጋ ኃላፊነት ነው።

መልመጃ

1. የቤተ መቅደሱ ወለል፣ ጣሪያና ብርሃን ወደ ውስጥ ሲገባ እንዴት ይለወጣሉ? ለምን?
2. ስለ አፔደማክ ሦስት ራሶች የተሰጡትን ሁለት አስተያየቶች አወዳድሩ።
3. «ድንጋይ ምንም ጽኑ ቢሆን ራሱን አይጠብቅም» የሚለውን ሐሳብ በአካባቢያችሁ ከሚገኝ ቅርስ ጋር አያይዛችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ።