ከባሕር ማዶ የተመለሰ ተማሪ ኮሌጅ ለመግባት ይቸኩል ወይስ ይቈይ?



ባለፈው ክረምት አንድ የሰበካችን ምእመን ሴት ልጃቸውን አስከትለው ወደ ቤታችን መጡ። ልጅቱ በአሜሪካ አገር በአንድ ቤተ ሰብ ዘንድ ተቀምጣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አንድ ዓመት ተምራ ተመልሳለች። የቀራትንም ክፍል እዚሁ ጨርሳ ኮሌጅ ተቀብሏታል። እርሷ ግን «አንድ ዓመት ልቈይ» አለች። አባትየው፦ «መምህር፥ የቆመ ትምህርት ቆሞ ይቀራል፤ እናቷም ሌሊት አትተኛም፤ ምከሩልን» አሉን።

ይህ ጭንቀት የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። በጦርነት ጊዜ ቍስለኞችን ያመላልሱ የነበሩ የአምቡላንስ ነጂዎች የመሠረቱት ኤ ኤፍ ኤስ የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1947 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ከአገር ወደ አገር ማለዋወጥ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ይህን የመሰለ ሥራ የሚሠሩ ማኅበራት በዝተዋል። ወደ አሜሪካ በዚህ መንገድ የሚሄድ ልጅ ዕድሜው ከ15 ዓመት እስከ 18 ዓመት ተኩል መሆን አለበት። እንግዲህ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ኮሌጅ በሚገባበት ዕድሜ ላይ ነው ማለት ነው።

ልጁ ሲመለስ ቤቱ እንደ ነበረ ይቈየዋል፤ እርሱ ግን እንደ ሄደ አልተመለሰም። ረቡዕና ዓርብን በማያውቅ ማዕድ ዙሪያ ተቀምጦ ጾሙን ለብቻው ጠብቋል፤ ወይም ሳይጠብቅ ቀርቶ ኅሊናው ወቅሶታል። በባዕድ ቋንቋ አስቧል፥ ብቻውን ወስኗል። እኛ የምንጠይቀው ስለ ማርኩ ብቻ ነው፤ ስለ ልቡ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን ከአገር ወጥቶ መማር አዲስ ነገር አይደለም። ተማሪው ቅኔ ሽቶ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ፥ ድጓ ሊያስመሰክር ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕት ፈልጎ ወደ ዙር አምባ፥ ለአቋቋም ወደ ጎንደር ይሄዳል። ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው ከመሻገሩ በፊት የተማረውን ያጸናል። ይሁን እንጂ በዚያ ጊዜ ሥራ ፈት አይደለም፤ ለታናናሾቹ ያስቀጽላል፥ መምህሩንም ያገለግላል። ቈይታው ሥራም መምህርም አለው።

በዘመናዊውም ትምህርት እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ትምህርታቸውን ለአንድ ዓመት አቋርጠው በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር፤ ብዙዎቹም አስተማሪዎች ሆነው ነበር። በአሜሪካም የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተቀበላቸውን ተማሪዎች አንድ ዓመት ቈይተው መግባትን እንዲያስቡበት ይመክራል። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲም ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ ተማሪዎችን ከመጀመሪያው ዓመት በፊት ወደ ውጭ አገር ለአገልግሎት ይልካል። ስለዚህ መቈየት በራሱ ስንፍና አይደለም።

ነገር ግን ጥፋታችንን አንሸሽግም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከውጭ አገር ለተመለሰ አንድ ወጣት «ዕረፍ፥ ዓመት አያመልጥህም» ብለን መክረነው ነበር። ምን እንደሚሠራ አልጠየቅነውም። የመጀመሪያው ወር ዕረፍት ሆነለት፤ ስድስተኛው ወር ልማድ ሆነበት። የተያዘለትም ቦታ አለፈ። ዛሬም እናቱን በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ባየናቸው ቍጥር ዓይናችን ወደ መሬት ያያል።

ስለዚህ ለዚህች ልጅ ሦስት ጥያቄ አቀረብንላት። «ልጄ፥ በዓመቱ ውስጥ ሥራሽ ምንድን ነው? የሚቈጣጠርሽ ማን ነው? የሚያበቃውስ በየትኛው ቀን ነው? መልሱን ጽፈሽ አምጪ» አልናት። አባቷንም ኮሌጁ ቦታዋን እንደሚጠብቅላት በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ ለመንናቸው። የቃል ተስፋ አይበቃምና። የነጻ ትምህርት ዕድል ለዘገየ ሰው ሁልጊዜ አይጠበቅም። በተማሪ ቪዛ በውጭ አገር የሚኖርም ልጅ ትምህርቱን ቢያቋርጥ የመቀመጫ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል።

በሳምንቱ ወረቀቷን ይዛ መጣች። «ለሕክምና ትምህርት የተመዘገብሁት ጓደኞቼ ስለ ተመዘገቡ ነው፤ በሽተኛ አጠገብ ግን አንድ ቀን አልቆምሁም» ይላል። ጧት አክስቷ በምትሠራበት ጤና ጣቢያ ልታገለግል፥ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩን ልጆች እንግሊዝኛ ልታስተምር፥ እሑድ በሰንበት ትምህርት ቤት ልትገኝ ወስናለች። ተቈጣጣሪዋ አክስቷ፥ መጨረሻውም የኮሌጁ መመዝገቢያ ቀን ነው። አባትየው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብበው ዝም አሉ፤ ከዚያም «ይህስ መቆም አይደለም» አሉ። የኮሌጁም ደብዳቤ በደረሰ ጊዜ ፈቀዱላት።

ዓመቱ ገና አላለቀም። ሐኪም ትሁን ወይም ሌላ፥ እግዚአብሔር ያውቃል። እናቷ ግን መተኛት እንደ ጀመሩ ሰምተናል።

ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ «ልቈይ» ሲል በቍጣ አትመልሱት፤ በርኅራኄም ብቻ አትልቀቁት። ሥራውን፥ ጠባቂውንና ቀኑን ጠይቁት። ሦስቱን ከመለሰ መርቃችሁ ፍቀዱለት፤ ካልመለሰ ግን ወደ ኮሌጁ ይሂድ፤ እዚያ ቢያንስ ደወል አለ።

እግዚአብሔር አምላክ የልጆቻችንን መውጣትና መግባት ይባርክ። አሜን።