ደጅ የሚጠናው ደብዳቤ

በ1954 ዓ.ም. ክረምቱ ሲገባ፣ በኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር አንድ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ የጦር ትምህርት ይማር ነበር። ይህ ሰው ኔልሰን ማንዴላ ነው። ትምህርቱ ለስድስት ወር ታስቦ ሳለ ጥቂት ሳምንታት እንደ ቆየ ከድርጅቱ ከአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ቴሌግራም መጣለት፤ በአስቸኳይ ወደ አገርህ ተመለስ የሚል ነበር። ማንዴላም ጓዙን ሸክፎ በካርቱም በኩል ጉዞውን ጀመረ። ሲሰናበትም ሽጉጥ ከነጥይቱ በስጦታ እንደ ተሰጠው ራሱ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ተርኮታል።

እኛ ይህን ማንሣታችን ስለ ጦር ትምህርት ለመናገር አይደለም። ዓይናችንን የሳበው ያ ቴሌግራም ነው። የቴሌግራም ዋጋ በቃል ይቈጠር ስለ ነበር ላኪው አስቦና ቈጥቦ ይጽፋል፤ ተቀባዩም ወረቀቱን ሲያይ ገና ሳይከፍተው ብርቱ ጉዳይ እንደ መጣ ያውቃል። ዛሬ በዚያው በኮልፌ ቀራንዮ፣ በአየር ጤና ወይም በቤቴል ወይም በዓለም ባንክ ለሚኖር ወጣት እንዲህ ያለ አስቸኳይ ቃል በኢሜይል ቢላክለት በስንት ቀኑ ያየዋል? ጨርሶ ማየቱስ የታወቀ ነውን?

አባቶቻችን ደጅ ጥናት የሚሉት ነገር ነበራቸው። ባለጉዳዩ ከመኰንኑ ግቢ በር ቆሞ ጌታው እስኪያየው ድረስ ቀን ይቈጥራል። አንዱ ይጮኻል፤ አንዱ ዘመድ ይልካል፤ አንዱ ደግሞ እውነተኛውን አቤቱታ በጉያው ይዞ ከኋላ ጥግ ላይ ዝም ብሎ ይቆማል። ዛሬ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ፣ ኢሜይል ያለው ሰው ሁሉ ደጅ የሚጠናበት ጌታ ሆኗል። ሣጥኑን ሲከፍት ነጋዴው የዋጋ ቅናሽ አለኝ እያለ ይጮኻል፤ የማኅበራዊ መገናኛው እገሌ ፎቶግራፍ ለጠፈ ይላል፤ ከዓመት በፊት አንድ ቀን ብቻ የጐበኘው የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጽ በየማለዳው ይመላለሳል። ከእነዚህ ሁሉ በስተኋላ ግን ‹‹ሐሙስ ጧት ለቃለ መጠይቅ እንዲቀርቡ›› የሚል አንድ ትሑት ደብዳቤ ቆሟል። እርሱ አይጮኽም። ዓርብ ዕለት ሲገኝ ደግሞ ለምንም አይጠቅምም።

ግፊያው ከየት መጣ ቢሉ፣ መልሱ ከዋጋው ላይ ነው። ሬይ ቶምሊንሰን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1971 ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው በመረብ የሚሄደውን ደብዳቤ ባስጀመረ በሰባተኛው ዓመት፣ ጌሪ ቱርክ የሚባል የኮምፒውተር ሻጭ ለአራት መቶ ያህል ሰዎች በአንድ ጊዜ ማስታወቂያ ላከ። ተቀባዮቹ ተቈጡ፤ ዳሩ ግን በሩ ተከፍቶ ቀረ። በእኛ አገር ደብዳቤ ሲላክ ቴምብር ይገዛል፣ ተቀባዩም የፖስታ ሣጥኑን ቁልፍ ይዞ እስከ ፖስታ ቤት ይሄዳል፤ ስለዚህ ሰው ያለ ጉዳይ አይጽፍም ነበር። በኢሜይል ግን አንድ ደብዳቤና አሥር ሺሕ ደብዳቤ መላክ ድካሙ ከሞላ ጐደል እኩል ነው። ድካሙ ከላኪው ትከሻ ወርዶ በአንባቢው ትከሻ ላይ ተጫነ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ብዙ ጊዜ ምክር ከውጭ አገር መጻሕፍት ይፈለጋል። ሜርሊን ማን የሚባለው አሜሪካዊ ጸሐፊ ‹‹ኢንቦክስ ዜሮ›› የሚል ትምህርት አስፋፍቶ ነበር፤ ሣጥኑን ባዶ ማድረግን ይመክራል። እኛ ግን ባዶ ሣጥን አዲስ ጌጥ እንዳይሆን እንፈራለን፤ ሣጥኑን ባዶ አድርጎ ለማንም መልስ ያልሰጠ ሰው ሊኖር ይችላልና። ከዚህ ይልቅ ትምህርቱ እዚሁ በየመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀምጧል ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

የመዝገብ ቤቱን ሥራ እንመልከት። ደብዳቤ ሲገባ ቀኑና ቁጥሩ በገቢ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ከዚያ ለኃላፊው ይቀርባል፤ ኃላፊውም በኅዳጉ ላይ ‹‹ለእገሌ ይመራ›› ወይም ‹‹ከፋይሉ ጋር ይያያዝ›› ብሎ ይጽፍበታል። የሚመለስ ከሆነ መልሱ በወጪ መዝገብ ይመዘገባል፤ ያለቀው ወደ ፋይሉ ይገባል። መግቢያው ላይ ተከምሮ የሚያድር ደብዳቤ ሊኖር አይገባም። (የሚያሳድሩ መዝገብ ቤቶች መኖራቸውን ባለጉዳይ የሆነ ሁሉ ያውቃል፤ የምንናገረው ግን ስለ ደንቡ ነው።) የዘመኑ ወጣት ሹም በኢሜይሉ የሚያደርገው ከዚህ ተቃራኒ ነው። ደብዳቤውን ከአየር ጤና ወደ ጦር ኃይሎች በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ይከፍተዋል፣ ያነበዋል፣ ‹‹በኋላ እመልሳለሁ›› ብሎ ይዘጋዋል። ማታ እንደገና ይከፍተዋል፤ በማግሥቱም እንዲሁ። አንዱን ደብዳቤ አራት ጊዜ አንብቦ አንድ ጊዜም አልመራውም። ይባስ ብሎ አንዴ የተከፈተ ደብዳቤ ያልተነበበ መሆኑን የሚያሳየው ደማቅ ጽሕፈት ስለሚጠፋበት፣ ካለቀለት ጉዳይ ጋር ይመሳሰላል።

እንግዲህ አንባቢያችን የራሱ መዝገብ ቤት መሆኑን ይወቅ። በታክሲ ውስጥ ማየት ይቻል ይሆናል፤ መክፈት ግን መወሰን በሚቻልበት ሰዓት ነው የሚሻለው፤ ለምሳሌ ሥራ ከተገባ በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከምሳ በኋላም አንድ ጊዜ። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ደብዳቤ ‹‹ይመራ›› ይባላል። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ መልስ ወዲያው ይጻፋል፤ ይህን የሁለት ደቂቃ ልክ ዴቪድ አለን የተባለው ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው መጽሐፍ አስታውቆታል፣ እኛም ሞክረን ወደነዋል። ረዘም ያለ ሥራ የሚጠይቀው በቀን መቍጠሪያ ላይ ቀን ተቈርጦለት ይሰፍራል። ያለቀው ወደ ማኅደር ይገባል። መሰረዝ አያስፈልግም፤ በሩ ላይ እንዳይቆም ብቻ ይሁን።

በቤተ መንግሥት ግብር አጋፋሪ የሚባል ሹም ነበር፤ ማን እንደሚገባ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚያስተናግድ። ኢሜይልም አጋፋሪ አለው፤ ማጣሪያ ይባላል። ‹‹ከዚህ ላኪ የሚመጣው ሁሉ በቀጥታ ወደ ማስታወቂያ ክፍል ይለፍ፤ ከመሥሪያ ቤቴ የሚመጣው ግን ምልክት ይደረግበት›› ብሎ አንድ ጊዜ ማዘዝ ይበቃል። በጂሜይል ይህ ትእዛዝ የሚሰጠው በኮምፒውተር እንጂ በስልኩ መተግበሪያ ስላልሆነ ብዙ ወጣት መኖሩን እንኳ አያውቅም። ከታወቀ ድርጅት የሚመጣ ማስታወቂያ በግርጌው በደቃቅ ፊደል ‹‹ከእንግዲህ አትላኩልኝ›› የሚባልበት ቦታ አለው፤ እርሱን መንካት ነው። ካልታወቀ ሰው የመጣ ከሆነ ግን ምኑንም ሳይነኩ አይፈለጌ ብሎ ማስታወቅ ይሻላል። አጋፋሪም ይሳሳታልና ወደ አይፈለጌው ክፍል በሳምንት አንድ ጊዜ ብቅ ማለት ያስፈልጋል፤ ጂሜይል እዚያ የገባውን በሠላሳ ቀን ያጠፋዋል፣ የነጻ ትምህርት ዕድል ደብዳቤም እዚያ ገብቶ ሊገኝ ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ደብዳቤው በሩ ድረስ እንኳ ሳይደርስ ሲመለስ ነው። አንድ አዲስ ተመራቂ አለ እንበል። የማስተርስ ትምህርት ጥያቄውን ከስድስት ወር በፊት ልኳል፤ መልስ ይጠብቃል። ስልኩ ደግሞ የምረቃውን፣ የሠርጉን፣ የጥምቀቱን ፎቶግራፍና ቪዲዮ ሁሉ በራሱ ጊዜ ወደ ጉግል ይልካል። ጉግል ያለ ክፍያ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለፎቶግራፉም ለደብዳቤውም የጋራ ነው። ሲሞላ ለእርሱ የተጻፈው ደብዳቤ ወደ ላኪው ይመለሳል፤ እርሱ ግን ‹‹አልተመረጥኩም›› ብሎ ያዝናል። ደግሞም ስልኩን ሲገዛ ኢሜይሉን የከፈተለት ባለሱቁ ሆኖ የይለፍ ቃሉን የማያውቅ ስንቱ ነው! ስልኩ የተሰረቀ ዕለት የፖስታ ሣጥኑ ቁልፍ አብሮ ሄደ። ለሥራና ለትምህርት የሚሆን አንድ አድራሻ ራስ ከፍቶ፣ የይለፍ ቃሉን ይዞ፣ መልሶ ማግኛ ስልክ ቁጥር አስመዝግቦ ፎቶግራፉን በሌላ አድራሻ ማድረግ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

ወጣት ሹማምንትን የሚመለከት አንድ ነገር ቀርቶናል። ብዙዎች የመሥሪያ ቤትን ጉዳይ በግል አድራሻቸው ይጻጻፋሉ። ሹሙ ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወር የባለጉዳዩ ማመልከቻ፣ የተሰጠው መልስና የተላከው ሰነድ ሁሉ ከእርሱ ጋር ይዛወራል። የሚተካው ሰው ባዶ ጠረጴዛ ይረከባል፤ ባለጉዳዩም ማመልከቻውን ‹‹እንደገና ጻፍ›› ይባላል። በወረቀቱ ዘመን ሹም ሲቀየር ፋይሉ እዚያው ይቀር ነበር። የመሥሪያ ቤቱ አድራሻ ካለ በእርሱ መጻፍ፤ ከሌለ ደግሞ ግልባጩን ለመዝገብ ቤቱ መላክ ይገባል። በኢሜይል ላይ ‹‹ግልባጭ›› የሚል ቦታ ያለው ለዚህ ነው፤ ለአለቃ ‹‹ሥራ ላይ ነኝ›› ለማለት ብቻ አይደለም።

እንዲሁም በደብዳቤያችን ራስ ላይ ዘወትር የምንጽፈው ‹‹ጉዳዩ›› በኢሜይል ላይ ቦታው ተጠብቆለት ሳለ ባዶውን ይላካል፤ ወይም ‹‹ሰላም›› ተብሎ ይታለፋል። ከስድስት ወር በኋላ ‹‹ሰላም›› የሚል ደብዳቤ ከመቶ ሰላምታ መካከል ማን ለይቶ ያወጣዋል? በአማርኛ ሲጻፍ ደግሞ ፊደሉን አንድ ወጥ ማድረግ ያሻል፤ ‹‹ሥራ›› ተብሎ የተጻፈውን ‹‹ስራ›› ብሎ የሚፈልግ፣ ‹‹ኃይሉ›› የተባለውን ‹‹ሀይሉ›› ብሎ የሚፈልግ ሰው ሊያጣው ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን በሌላውም ፊደል ደግሞ መፈለግ ነው። እንግዲህ ለባልደረባው የሚጽፍ ሹም ‹‹ጉዳዩ፦ የውሃ መስመር ጥያቄ፣ እስከ ዓርብ መልስ የሚፈልግ›› ብሎ ቢጀምር፣ ተቀባዩ ገና ሳይከፍተው የት እንደሚመራው ያውቃል።