ሆድ ያሳብቃል

ለሦስት ወር ያህል ምሳ አልበላም ነበር። ጾም ይዤ አይደለም፤ ዳይት ብዬም አይደለም። የቤት ኪራይ ጨመረና ከምሳ ላይ ቀነስኩ፣ በቃ! ሥራ ቦታ «ምሳ አትበላም?» ሲሉኝ «አልራበኝም» እላለሁ።

የሚገርመው፣ ውሸቴ ግማሽ እውነት ሆነ። 6፡30 ላይ ሆዴ ይጮሃል፣ ራሴን ያዞረኛል። 8 ሰዓት ሲሆን ግን ርሃቡ ጥፍት ይላል። «ለመድኩት» ብዬ ጎረርኩ። ማታ ቤት ስገባ ግን በአንድ እጄ ስልኬን፣ በሌላው እንጀራዬን ይዤ የሁለት ሰው እራት በ10 ደቂቃ እጨርሳለሁ። ከዚያ ጋደም ስል ደረቴን ያቃጥለኛል። እንቅልፍ የለም፤ ስልክ እየጎረጎርኩ 8 ሰዓት ሌሊት ይሆናል።

ነገሩ ሲደጋገም ማንበብ ጀመርኩ። ለካ ሆዳምነት ብቻ አይደለም።

ርሃብን የሚቀሰቅስ ግሬሊን የሚባል ሆርሞን አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ያገኙት ጃፓናውያኑ ማሳያሱ ኮጂማና ኬንጂ ካንጋዋ ናቸው። በብዛት የሚመረተው ጨጓራ ውስጥ ሲሆን፣ ከለመድነው የምግብ ሰዓት በፊት ከፍ ይላል። ባንበላም እንኳ ሰዓቱ ሲያልፍ መልሶ ይወርዳል። ስለዚህ 8 ሰዓት ላይ ጠግቤ አልነበረም። ጥሪው ነው የቆመው እንጂ ጉድለቱ እንዳለ ነው።

ጥጋብስ? ምግብ ሲገባ ጨጓራ ይለጠጣል። ይህን ለአንጎል የሚያደርሰው ቬገስ የተባለው ረጅም ነርቭ ነው። ከክሮቹ 80 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ወሬ የሚወስዱት ከሰውነት ወደ አንጎል ነው። ማለትም ሆድ ከሚታዘዘው በላይ ይናገራል። ስብና ፕሮቲን ቀጭን አንጀት ሲደርሱ ደግሞ ሲሲኬ የሚባለው ሆርሞን ይለቀቃል፤ ሐሞት እንዲፈስ ያደርጋል፣ ጨጓራ ቶሎ እንዳይራገፍ ያዘገያል፣ «ይበቃል» ይላል። ወረድ ብሎ ከአንጀት ጂኤልፒ-1 ይመጣል። ቲክቶክ ላይ የምታዩት ኦዜምፒክ የሚሠራው ይህንኑ ሆርሞን አስመስሎ ነው።

ችግሩ፣ እነዚህ መልእክቶች ተጠናክረው እስኪሰሙ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። እኔ በ10 ደቂቃ ስጨርስ «በቃህ» የሚለው ገና መንገድ ላይ ነው።

እንቅልፍም አለበት። እ.ኤ.አ. በ2004 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ለሁለት ሌሊት 4 ሰዓት ብቻ አስተኟቸው። በደንብ ከተኙበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር ግሬሊን 28 በመቶ ጨመረ፤ የጥጋብ ምልክት የሆነው ሌፕቲን 18 በመቶ ቀነሰ። እኔ ግን ስልኬን ይዤ በየሌሊቱ የነገን ርሃብ እጠራ ነበር።

ይህን ሁሉ አውቄም ምሳ አልጀመርኩም፤ ኪራዩ አልቀነሰማ! አንድ ቀን ግን አጠገቤ የምትቀመጠዋን ባልደረባዬን «አልራበኝም» እያልኳት ሆዴ ጮኸ። ሁለታችንም ሰማነው። ምንም ሳትናገር ምሳ ዕቃዋን መሀል ላይ አድርጋ ከፈተችው።

አሁን ከማታው ሽሮ ግማሹን ለምሳ አስቀርቼ ይዤ እመጣለሁ። አብረን፣ ስልኩን ገልብጠን፣ እያወራን እንበላለን። ወጪው ያው ነው፤ ደረቴ ግን ማቃጠሉን ተወ። እናንተስ፣ ዛሬ «አልራበኝም» ያላችሁት እውነት ነው?