ተውበት በልቦለድና በሕይወት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

የዛሬው ርዕሳችን በልቦለድና በፊልም ውስጥ በክፋት ጀምረው በመልካምነት ስለሚጨርሱ ሰዎች ነው። ይህ ከዲን ትምህርት የራቀ የሚመስለው አድማጭ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ልጆቻችን ስለ ጥፋትና ስለ መመለስ የሚማሩት ከመድረሳ ብቻ አይደለም፤ ማታ ከሚያዩት ፊልምና ከሚያነቡት መጽሐፍም ጭምር ነው። ስለዚህ እነዚህ ታሪኮች ስለ ተውበት ከሚነግሯቸው ውስጥ እውነቱንና ጎዶሎውን መለየት የወላጅ ድርሻ ነው።

ለዚህ መለኪያ ያስፈልገናል። ኢማም አን-ነወዊ «ሪያዱ አስ-ሷሊሒን» በተሰኘው ኪታባቸው የዑለማዎችን ንግግር ጠቅለል አድርገው አስቀምጠውልናል። ወንጀሉ በአላህና በባሪያው መካከል ብቻ ከሆነ ተውበቱ ሦስት መስፈርቶች አሉት፦ ወንጀሉን መተው፣ በሠሩት መጸጸትና ዳግም ላለመመለስ ቁርጥ ውሳኔ ማድረግ። የሰው ሐቅ ካለበት ግን አራተኛ ይጨመራል፤ ሐቁን ለባለቤቱ መመለስ ወይም ይቅርታውን ማግኘት። ይህ አራተኛው ቀላል አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ስለ ከሰረው ሰው ነግረውናል፤ ሰላት፣ ጾምና ዘካ ይዞ ቀርቦ ሳለ፣ ሰውን በመስደቡ፣ ገንዘብ በመብላቱና ደም በማፍሰሱ ምንዳው ለተበዳዮቹ ተከፋፍሎ ያልቅበታል።

አሁን በዚህ መለኪያ አንድ ዝነኛ ፊልም እንመዝን። «ስታር ዎርስ» በተባለው ተከታታይ ፊልም ውስጥ ዳርዝ ቬደር የሚባል ጨካኝ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ክፍል ሕፃናትን ሳይቀር ሲፈጅ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው ክፍል ደግሞ ልጁ በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሊሞት ሲል አባትነቱ ይቀሰቀስና ንጉሡን አንስቶ ወደ ጥልቁ ይወረውረዋል፤ ጥቂት ቆይቶም ይሞታል። ተመልካቹ ልቡ ተነክቶ ይነሣል፤ ሒሳቡ ሁሉ የተዘጋ ይመስለዋል። ነገር ግን የተገደሉት ልጆች እናቶች በፊልሙ ውስጥ አይታዩም። ገዳዩም በማግሥቱ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ፊታቸው አልቆመም።

የአላህ እዝነት ጠባብ ነው ማለታችን አይደለም። በሱረቱ አዝ-ዙመር አንቀጽ 53 ላይ በራሳቸው ላይ ድንበር ያለፉ ባሮቹ ከእዝነቱ ተስፋ እንዳይቆርጡ ጠርቷቸዋል። ዘጠና ዘጠኝ ሰው ገድሎ መቶኛውን የጨመረው ሰውዬ ታሪክም በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ነገር ግን ይህ ሰው ምን እያደረገ ሞተ? ዓሊሙ እንደመከረው የክፋት አገሩን ትቶ ወደ ደጋጎቹ አገር እየተጓዘ ነበር። መላእክት ርቀቱን ሲለኩ ወደ መልካሙ አገር ቀርቦ ተገኘ። ሞት ያገኘው መንገድ ላይ ነው። በሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 18 የተነገረላቸው ግን ክፋትን ሲሠሩ ኖረው ሞት ሲመጣባቸው አሁን ተመለስኩ የሚሉት ናቸው። ፊርዐውንም ያመነው ባሕሩ ሲያሰጥመው ነው፤ አልጠቀመውም። «እንደፈለግሁ ኖሬ በመጨረሻ በአንዲት ጀግንነት እዘጋዋለሁ» የሚል ሐሳብ በልጅ ልብ እንዳያድር ልንጠነቀቅ ይገባል።

ከዚህ የተሻለ ታሪክም አለ። ፈረንሳዊው ቪክቶር ሁጎ እ.ኤ.አ. በ1862 ያሳተመው «ሌ ሚዜራብል» በአማርኛም ተተርጉሞ ተነቧል። ጸሐፊው ሙስሊም አይደለም፤ ሆኖም ስለ መመለስ የጻፈው ልንማርበት የሚገባ ነው። ዣን ቫልዣን ለተራቡ የእኅቱ ልጆች ዳቦ ሰርቆ ይታሠራል። ለማምለጥ በመሞከሩ ቅጣቱ እየተጨመረ 19 ዓመት ታስሮ እ.ኤ.አ. በ1815 ይፈታል። እስረኛ እንደነበር የሚናገር ቢጫ ወረቀት ስለያዘ ማደሪያ የሚሰጠው ያጣል። አንድ ጳጳስ ቤቱን ይከፍትለታል፤ እርሱ ግን የብር ዕቃዎቹን ሰርቆ በሌሊት ይጠፋል። ፖሊሶች ይዘውት ሲመጡ ባለቤቱ «እኔ ነኝ የሰጠሁት» ብሎ ሁለት የብር መቅረዞች ይጨምርለታል።

አንባቢ እዚህ ላይ ሰውየው የተለወጠ ይመስለዋል፤ ግን አልተለወጠም። ወዲያው መንገድ ላይ ከአንድ ትንሽ ልጅ የወደቀች ሳንቲም በእግሩ ረግጦ ይወስዳል። ልጁ እያለቀሰ ከሄደ በኋላ ነው ቫልዣን ደንግጦ የነቃው። እየተጣራ ፈለገው፤ አላገኘውም። ከዓመታት በኋላ በሌላ ስም ባለ ፋብሪካና የከተማ ሹም ሆኖ እንኳ፣ የዚያ ልጅ አገር ሰዎች የሆኑ ታዳጊዎች ባለፉ ቁጥር እያስጠራ ስማቸውን ይጠይቅና ገንዘብ ይሰጣቸው ነበር። ብዙ ዑለማዎች የሐቁ ባለቤት ፈጽሞ ካልተገኘ በእርሱ ስም ሰደቃ ይውጣለት ማለታቸውን ስናስታውስ፣ ይህ ሰው አራተኛውን መስፈርት ሲፈልግ እንደኖረ እንረዳለን።

ከዚህ የሚከብደው ፈተናም መጣ። ሌላ ሰው «ቫልዣን አንተ ነህ» ተብሎ ተያዘ። ዝም ቢል ሹመቱና ክብሩ ይቀሩለታል፤ ያ ምስኪን ግን በእርሱ ወንጀል ዕድሜ ልኩን ሊታሠር ነው። ሌሊቱን ሲሟገት አድሮ ፍርድ ቤት ቀረበና «የምትፈልጉት እኔ ነኝ» አለ። ተውበት በአንድ ሌሊት እንባ አያበቃም የምንለው ለዚህ ነው። እንባው በር ይከፍታል፤ መንገዱን ግን በየቀኑ መሄድ ያስፈልጋል።

በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ዣቬር የሚባል ፖሊስ አለ። ጉቦ አይበላም፣ አይዋሽም፤ ነገር ግን ወንጀለኛ ይለወጣል ብሎ አያምንም። ቫልዣን ሕይወቱን ቢያተርፍለትም ሊገባው አልቻለም፤ በመጨረሻ ራሱን ወንዝ ውስጥ ጣለ። ወንድሞችና እኅቶች! እያንዳንዳችን በሰፈራችን ዣቬር እንዳንሆን እንፍራ። ከእስር የተፈታ ጎረቤት፣ ጫትና መጠጥ ትቶ መስጂድ የጀመረ ወጣት፣ ከቤት ጠፍታ የተመለሰች ልጅ ሲያጋጥሙን የምንሰጣቸው ሰላምታ ነው ወይስ ቢጫ ወረቀት? በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን በመጠጥ የተቀጣን ሰው አንዱ «አላህ ያዋርድህ» ሲለው፣ ሸይጧንን በወንድማችሁ ላይ አታግዙ ሲሉ ከልክለዋል። ይህን ቡኻሪ ዘግበውታል። ቅጣቱ ቀርቶለት አይደለም፤ ከቅጣት በኋላ ግን መመለሻው እንዲዘጋበት አልፈቀዱም።

እንግዲህ ከልጆቻችን ጋር ፊልም ስናይ ወይም ታሪክ ስናነብ ሦስት ነገር እንጠይቃቸው። ይህ ሰው ጥፋቱን የተወው መቼ ነው፤ መሥራት እየቻለ ነው ወይስ አቅም ሲያጣ? የበደለው ሰው የት ደረሰ፤ ሐቁስ ተመለሰለት? አንተ ጎረቤቱ ብትሆን ኖሮ በርህን ትከፍትለት ነበር? ልጁ ሲመልስ እኛም ራሳችንን እንጠይቅ። ያልመለስነው ብድር፣ ያልተካፈለ የውርስ ሐቅ፣ ስሙን ያጎደፍነው ሰው ካለ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ዛሬውኑ እንሂድ።

አላህ (ሱ.ወ) ሳይመሽብን ከሚመለሱት፣ ለሚመለሱትም በር ከሚከፍቱት ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።