የተማረ ይግደለኝ! ግን የትኛው የተማረ?

‹‹የተማረ ይግደለኝ›› ይላል የሀገራችን ሰው። የትኛው የተማረ እንደሆነ ግን አልነገረንም! ዓመታት ሙሉ የኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ዳዊት የደገመ፣ ዜማ ያጠና፣ ቅኔ የተቀኘ ነው የተማረ? ወይስ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ፣ ሁለት ዓመት ማስተርስ ብሎ ጥቁር ካባ ለብሶ ፎቶ የተነሣ? ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በዚህ ጥያቄ ምክንያት ላስታ ውስጥ አንድ ሠርግ ቆሟል።

ባለታሪኩ የላሊበላ ልጅ ነው። የተዋወቅነው ለገና በዓል እዚያ በሄድኩበት ጊዜ ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ ‹‹ዲያቆኑ›› እንበለው። ዕድሜው 27 ነው። ፊደል የቆጠረውም ዳዊት የደገመውም እዚያው ላሊበላ ነው። ከዚያ ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ወደ ዋድላ ተሻገረ። ዋድላ የላስታ ጎረቤት ናት፤ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስማቸው ከሚጠራው የቅኔ ቤቶች አንዷ ናት። እዚያ በየደጁ ቁራሽ እየለመነ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ በጎጆ እያደረ ቅኔ ተማረ። ሲመለስ በማታ ትምህርት 12ኛ ክፍልን ጨረሰ። ቀጥሎ እየሠራ ተምሮ በታሪክ ዲግሪ ያዘ።

ሥራው አስጎብኚነት ነበር። አሥራ አንዱ ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡ ጀምሮ የከተማዋ ሰው ዓይኑ እንግዳ ላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣና እንግዳው ቀረ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ገባ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። እንግዳ ሲጠፋ ሆቴሉም፣ አስጎብኚውም፣ ጧፍ ሻጩም እኩል ነው የሚራበው። ዲያቆኑም ኪሱ ሲደርቅ ማሰብ ጀመረ። ‹‹ለምን በሃይማኖት ጥናት ማስተርሴን አልማርም?›› አለ።

‹አንድ የአካባቢው ዲያቆን›

የገንዘብ ነገር ብቻ መስሎኝ ነበር። ኧረ አይደለም! ልጁን የቆጨው ሌላ ነው።

ለዓመታት ከአዲስ አበባም ከውጭም ተመራማሪዎች ወደ ላስታ ሲመጡ የሚጠሩት እሱን ነው። የብራና መጽሐፍ ይገለጣል፤ እሱ ግዕዙን ያነባል፣ በቃሉ ይተረጉማል፣ እነሱ በስልካቸው ይቀዳሉ። በገና ዕለት ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው ‹‹ቤዛ ኩሉ›› ሲያዜሙ ካሜራው ይጎርፋል፤ ‹‹ምን ማለት ነው?›› ተብሎ የሚጠየቀው እሱ ነው። ሲጨርሱ ጥቂት ብር ይሰጡታል፣ ያመሰግኑታል፣ ይሄዳሉ።

አንድ ቀን ከነዚህ እንግዶች አንዷ የጻፈችው ጥናት እጁ ገባ። ሁለት ቀን ሙሉ ቁጭ ብሎ ያነበበላት መጽሐፍ ትርጉም እንዳለ ሰፍሯል። ስሜ የት አለ ብሎ ገጽ በገጽ ፈለገ። በመጨረሻ የግርጌ ማስታወሻ ላይ አገኘው፤ ‹‹አንድ የአካባቢው ዲያቆን››።

‹‹እኔ እኮ ስም አለኝ›› አለኝ። ይህን ሲል ድምፁ ተለወጠ። ማስተርሱን የፈለገው ለዚህ ነው።

የኔታ ምን አሉ?

ወደ ዋድላ ተመልሶ ያስተማሩትን የኔታን አማከራቸው። ንግግራቸውን እንደነገረኝ ላስፍረው።

‹‹አዲስ አበባ ሄደህ ምን ልትማር ነው ልጄ?››

‹‹ሃይማኖት ነው የኔታ።››

‹‹እስካሁንስ ምን ስትማር ነበር?››

ዲያቆኑ መልስ አጣ። የኔታም ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ ‹‹ሂድ፣ አልከለክልህም። የማያውቁት ዘንድ ስትደርስ አስተምር፣ የሚያውቁት ዘንድ ስትደርስ ተማር። ስትመለስ ግን ይህ ጉባኤ ይኑር አይኑር እንጃ፤ የቀሩኝ ተማሪዎች ስድስት ናቸው›› አሉት።

እናቱ በበኩላቸው ልጃቸው ቅስና ተቀብሎ ማየት ነው ምኞታቸው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ደግሞ ዲያቆን ቅስና የሚቀበለው ካገባ ወይም ከመነኮሰ በኋላ ነው፤ ከቀሰሰ በኋላ ላግባ ቢል አይቻልም። ስለዚህ ቅስናው ሠርጉን ይጠብቃል፣ ሠርጉ ደግሞ ማስተርሱን እየጠበቀ ነው። እጮኛውስ? ለተሳላሚ ጧፍና ነጠላ የምትሸጥ የ23 ዓመት ወጣት ናት። ለብቻዋ አነጋገርኳት።

‹‹እኔ ትምህርቱን አልጠላሁም›› አለችኝ። ‹‹የጠላሁት ‹ጠብቂኝ› መባሉን ነው። ሁለት ዓመት ብሎ ሄዶ ያልተመለሰ ስንት አለ! እኔን ሳያማክር ወሰነና መጥቶ ነገረኝ። ሚስቱ ልሆን ነው ወይስ ዕቃ ጠባቂው?››

እህቶቼ፣ በዚህ ነገር እንኳ ልጅቷ እውነት አላት!

ለመሆኑ የሃይማኖት ጥናት ምንድን ነው?

ብዙ ወጣት ሥነ መለኮትንና የሃይማኖት ጥናትን አንድ ያደርጋቸዋል። ሥነ መለኮት አማኙ እምነቱን ከውስጥ ሆኖ የሚማርበት ነው። በአዲስ አበባ የቅድስት ሥላሴ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1942 ተቋቁሞ፣ በደርግ ዘመን ተዘግቶ፣ ከደርግ በኋላ እንደገና ተከፍቶ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በወንጌላውያን በኩልም እ.ኤ.አ. በ1960 የተከፈተው የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ አለ።

የሃይማኖት ጥናት ግን ‹‹ሰዎች እንዴት ያምናሉ? መጻሕፍቱ መቼና በማን ተጻፉ? እምነቱ ከኑሮው ጋር እንዴት ተሳሰረ?›› ብሎ ይጠይቃል። የራስን ብቻ ሳይሆን የጎረቤትንም ሃይማኖት ያጠናል። የታሪክ ምሁሩ ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ወሎ ስለነበረው እስልምና የጻፉት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው መጽሐፍ ጥሩ ምሳሌ ነው። በእኛ ሀገር ይህን መንገድ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ በታሪክ ወይም በፊሎሎጂ፣ ማለትም በጥንታዊ ጽሑፎች ጥናት በኩል ይገባል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በፊሎሎጂ ማስተርስ ሰጥቷል፤ የግዕዝ ብራና ማንበብ ለሚችል ሰው የቤቱ ያህል ነው።

ዲያቆኑ የሚፈራው ‹‹እነሱ ዘመናዊ ናቸው፣ እኔ የቆሎ ተማሪ ነኝ›› እያለ ነው። ለምን ይፈራል? እስቲ የቅኔ ቤትን አስቡት። ተማሪው ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት መወድስ እስኪደርስ ድረስ ለብቻው ሜዳ ወጥቶ ቅኔ ይቆጥራል። መጥቶ ለየኔታ ይናገራል፣ ይታረማል። የሌላ ሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ ቢያቀርብ ውርደት ነው። በማስተርስ የመመረቂያ ጽሑፍስ የሚፈለገው ምንድን ነው? ማንም ያላለውን ማለት፣ የሰው አለመስረቅ፣ በመምህር መታረም! ትርጓሜ ቤትም አንዱን ቃል ይዘው ‹‹አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው›› እያሉ የቀደሙትን ሊቃውንት ሐሳብ ይደረድራሉ። ተመራማሪም ከራሱ ሐሳብ በፊት የቀደሙትን ይደረድራል። ዋናው ልማድ ልጁ ደም ውስጥ አለ ማለት ነው።

የሚጎድለውም አለ፤ አልዋሽም። አንደኛ እንግሊዝኛ። ሁለተኛ፣ በቃል የሚያውቀውን ከነምንጩ በጽሑፍ ማስፈር። ሦስተኛውና ከባዱ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ‹‹ነው›› ያለውን ነገር ‹‹በምን ይታወቃል?›› ብሎ መጠየቅ። ላሊበላን መላእክት አግዘው አነጹት ብሎ ያደገ ልጅ፣ ክፍል ውስጥ ስለ ድንጋዩ አፈላፈልና ስለ ዘመኑ አቆጣጠር ሲከራከሩ ይሰማል። እምነቴን ሊያስጥሉኝ ነው ብሎ ከደነገጠ አይዘልቅም። ጥያቄውን ጥያቄ ነው ብሎ ከያዘው ግን እምነቱም ትምህርቱም ይኖሩታል።

ሁለት ሰዎች፣ አንድ ትምህርት

በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ የመካነ ሥላሴ ካህን ነበሩ፤ ሀገራቸው ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ሂዮብ ሉዶልፍ ከሚባል ወጣት ጀርመናዊ ጋር ተገናኙ። በ1652 ደግሞ ጀርመን ድረስ ሄደው አስተማሩት። ሉዶልፍ ከዚያ በኋላ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ የኢትዮጵያንም ታሪክ ጽፎ አሳተመ፤ በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት አባት ተባለ። ማስተርስ የሌላቸው የወሎ ካህን የአባትየው አስተማሪ ነበሩ ማለት ነው! ሉዶልፍ ግን አስተማሪውን ‹‹አንድ የአካባቢው ካህን›› ብሎ አላለፋቸውም። ስማቸውን ጽፏል። ከ370 ዓመት በኋላ ስማቸውን የምንጠራው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1931 ሸንኮራ ተወልደው በልጅነታቸው የቄስ ትምህርት ቤት ገቡ። ቅድስት ሥላሴ፣ ከዚያም ካይሮ ተማሩ፤ በ1962 ጀርመን ቱቢንገን ላይ ዶክተር ሆኑ። በደርግ ዘመን በጥይት ተመትተው ከተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሳይነሡ፣ አሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ሙዚየም የኢትዮጵያን ብራናዎች ሲመረምሩ ኖሩ። በ1988 የማክአርተር ሽልማትን አገኙ፤ በ2021 አረፉ። የቄስ ትምህርት ቤቱን ትተው አይደለም የተማሩት፤ ይዘውት ነው የሄዱት።

ምክሬ

‹‹ማስተርስ የሌለው ሰው ስለ ማስተርስ ምን ያገባዋል?›› የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፣ የእኔ ትምህርት 12ኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ምክር የጠየቀኝ ግን እሱ ነውና የሚመስለኝን ልበል።

ወንድሜ፣ ተማር። ግን ከመሄድህ በፊት የምትማርበት ተቋም ዲግሪ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ይታወቅ እንደሆነ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቅ። በኋላ ‹‹ይህ ወረቀት አይሠራም›› ቢሉህ ሁለት ዓመትህን የሚመልስልህ የለም። ለድህረ ምረቃ የሚሰጠውን ሀገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና ሥርዓትና ጊዜ አጣራ፣ እንግሊዝኛህንም ከአሁኑ አጥና። መንፈሳዊ ኮሌጅ ከሆነ ከሀገረ ስብከትህ የድጋፍ ደብዳቤ ሊጠይቁህ ይችላሉ፤ መጨረሻው ቀን ላይ አትሩጥ። የሂል ሙዚየም ብራናዎችም ብዙዎቹ በኢንተርኔት ይነበባሉና ላስታ ሆነህ መለማመድ ትችላለህ።

ልጅቷን በተመለከተ ‹‹ጠብቂኝ›› የሚለውን ቃል ተወው። ‹‹እንዴት እናድርገው?›› ብለህ ጠይቃት። በሁለታችሁ ዕቅድ፣ ያለ ትልቅ ድግስ ተክሊላችሁን አድርጋችሁ ብትሄድ ትምህርቱን የሚከለክለው የለም፤ የእናትህም ምኞት መንገዱ ይከፈታል። እሷ ‹‹አይሆንም›› ካለችም መብቷ ነው፤ አሁኑኑ እንድትነግርህ ዕድል ስጣት። የሰው ዕድሜ ማሳደሪያ ዕቃ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን የመመረቂያ ጽሑፍህን ርዕስ ሩቅ አትፈልግ። ስድስት ተማሪ የቀራቸው የኔታ አሉ አይደል? የሚያስተምሩት ቅኔ አብዛኛው በቃላቸው ነው ያለው። እሳቸው ሲያልፉ አብሮ ያልፋል። ፈቅደውልህ ቅረጽ፣ ጻፍ፣ ተርጉም። ስትጽፍ ደግሞ ያቺ እንግዳ ያደረገችብህን እንዳታደርግ! አዲስ አበባ የተማረ ሰው ሆነህ ‹‹አንድ የአካባቢው መምህር እንደነገሩኝ›› ብለህ ከጻፍክ ማስተርሱ ምን ጠቀመ? ሙሉ ስማቸውን ጻፍ። ከማን እንደተማሩ ጠይቀህ የመምህራቸውንም ስም ጻፍ።

እናንተ ከተማ ያላችሁ፣ ለጥናት ብላችሁ ገጠር የምትወርዱ ወጣቶችም ይህ ነገር ይመለከታችኋል። ያነበበላችሁ፣ የተረጎመላችሁ፣ በር የከፈተላችሁ ሰው ስም አለው። ከመመለሳችሁ በፊት ‹‹ስምዎን ልጻፈው?›› ብላችሁ ጠይቁ። እሺ ካሉ ጻፉት።

ዲያቆኑ ይህን ጽሑፍ ስልክበት እስካሁን አልወሰነም። እጮኛው ግን ‹‹ማመልከቻውን አብረን እንሙላው›› እንዳለችው ነግሮኛል። እናንተስ በእሱ ቦታ፣ ወይም በእሷ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ጻፉልን። ቸር እንሰንብት።