የመኖሪያ ቤት የደህንነት ካሜራ የተሳሳተ ቀንና ሰዓት ሲያሳይ ምን መደረግ አለበት?

በመኖሪያ ቤቶችና በግቢ በሮች ላይ የሚተከሉ የደህንነት ካሜራዎች ከምስሉ ጋር ቀንና ሰዓት ይመዘግባሉ። አንድ ቀረጻ ለባለቤቱም ሆነ ለመርማሪ አካል የሚሰጠው ጥቅም በምስሉ ጥራት ብቻ የሚለካ አይደለም፤ ድርጊቱ መቼ እንደተፈጸመ በትክክል ማሳየቱም እኩል ዋጋ አለው። የሰዓት ስህተት ግን ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ቀረጻው በተፈለገበት ዕለት ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ መስኮት ከሌለው ዕቃ ቤት ንብረት ጠፋ እንበል። ካሜራው ፊቱ የማይለይ ሰው ዕቃ ይዞ ሲወጣ ያሳያል፤ በምስሉ ላይ የተጻፈው ሰዓት 07፡37፣ ማለትም ከጠዋቱ 1፡37 ነው። በዚያ ሰዓት በግቢው ውስጥ የነበረው ከንጋቱ 12፡30 ሥራ የጀመረው የቀን ጥበቃ ብቻ ስለሆነ ጥርጣሬው በእርሱ ላይ ያርፋል። የካሜራው ሰዓት ግን በ5 ሰዓት ከ7 ደቂቃ የቀደመ ከሆነ ድርጊቱ የተፈጸመው ከሌሊቱ 8፡30 ነው፤ የተጠረጠረው ሠራተኛ በዚያን ጊዜ በቤቱ ነበር። ስለሆነም የካሜራን ሰዓት ማስተካከል ንብረትን ብቻ ሳይሆን ንጹሕ ሰውንም ይጠብቃል።

ስህተት መኖሩን ማረጋገጥ

የእጅ ስልክዎ ቀንና ሰዓቱን ከኔትወርክ በራሱ እንዲወስድ መደረጉን ያረጋግጡ። ከዚያም ስልኩን ከካሜራው የቀጥታ ምስል አጠገብ ይዘው ሁለቱን ያነጻጽሩ። ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱንም ይመልከቱ። በአንዳንድ ተከላዎች ካሜራው ራሱ የሚጽፈው ሰዓትና ዲ.ቪ.አር. ወይም ኤን.ቪ.አር. የሚባለው መቅረጫ የሚይዘው ሰዓት ስለሚለያዩ፣ የቀጥታውን ምስል ካዩ በኋላ አጭር ቀረጻ መልሰው በመክፈት ሁለቱንም ማመሳከር ያስፈልጋል።

ከማስተካከል በፊት መደረግ ያለበት

ስህተቱን እንዳዩ ወዲያውኑ ማስተካከል ተገቢ መስሎ ቢታይም፣ ልዩነቱ ሳይመዘገብ ከተስተካከለ ቀድሞ የተቀረጹት ምስሎች ትክክለኛ ጊዜ በምን እንደሚሰላ አይታወቅም። ስለዚህ፦

1. የስልኩንና የካሜራውን ሰዓት በአንድነት የሚያሳይ ፎቶግራፍ በሌላ ስልክ ያንሱ።
2. ቀኑን፣ ትክክለኛውን ሰዓት፣ ካሜራው ያሳየውን ሰዓት፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነትና ምርመራውን ያደረገውን ሰው ስም በጽሑፍ ያስፍሩ። ለምሳሌ ትክክለኛው ሰዓት 14፡20 ሆኖ ካሜራው 19፡27 ካሳየ፣ ካሜራው በ5 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ቀድሟል።
3. የሚፈለግ ቀረጻ ካለ ሰዓቱን ከመንካትዎ በፊት ወደ ፍላሽ ይገልብጡ። መቅረጫው ዲስኩ ሲሞላ የቆየውን ምስል እያጠፋ በላዩ ላይ ስለሚቀርጽ መዘግየት አይገባም። የቀደመ ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለስም አዲሱና የቀድሞው ቀረጻ ተመሳሳይ ሰዓት ይዘው ሊደራረቡ ይችላሉ።
4. በተገለበጠው ምስል ላይ ያለውን ሰዓት ለማረም ወይም ምስሉን ለመቁረጥ አይሞክሩ። ቀረጻውን እንዳለ፣ የልዩነቱን ማስታወሻ ደግሞ ለብቻው ያቅርቡ።

ዛሬ የተገኘው ልዩነት ድርጊቱ በተፈጸመበት ዕለትም እንደነበረ ማጣራት ይገባል። በመካከል መብራት ጠፍቶ ከነበረ ልዩነቱ ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ጊዜው በሌላ መንገድ የሚታወቅ ክስተት፣ ለምሳሌ በር ላይ ሆነው የደወሉ እንግዳ የስልክ ጥሪ ሰዓት፣ በዚያው ዕለት ቀረጻ ላይ ቢገኝ ለማመሳከሪያ ያገለግላል።

የስህተቱ መንስኤዎች

የሰዓት ቀጠና አለመስተካከል። ኢትዮጵያ የምትጠቀመው ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በ3 ሰዓት የሚቀድመውን ቀጠና ነው። መሣሪያው በቻይና ሰዓት፣ ማለትም በ8 ሰዓት በሚቀድመው ቀጠና ላይ እንደተሞላ ከተተከለ በ5 ሰዓት ቀድሞ ይታያል። ልዩነቱ ሙሉ ሰዓት ወይም ወደ ሙሉ ሰዓት የተጠጋ ሲሆን በቅድሚያ መመርመር ያለበት ቀጠናው ነው።

የበጋ ሰዓት ለውጥ። በአገራችን ሰዓት በየወቅቱ ወደፊትና ወደ ኋላ አይቀየርም። በመሣሪያው ላይ ‹ዲ.ኤስ.ቲ.› የሚለው አማራጭ ከተከፈተ በዓመቱ ውስጥ ለተወሰኑ ወራት የ1 ሰዓት ስህተት ይፈጠራል።

የኢትዮጵያን አቆጣጠር በመሣሪያው ላይ መሙላት። እነዚህ መሣሪያዎች በአብዛኛው የሚሠሩት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። የኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት ሲሞላባቸው ቀረጻውን ከ7 ወይም ከ8 ዓመት በፊት እንደተፈጸመ አድርገው ይመዘግባሉ። ከቀኑ 8፡00 ሰዓትን 14፡00 በማለት ፈንታ 08፡00 ብሎ መሙላትም የ6 ሰዓት ስህተት ያስከትላል።

የውስጥ ባትሪ ማለቅ። በብዙ መቅረጫዎች ውስጥ ኃይል ሲቋረጥ ሰዓቱን የምታስቀጥል ትንሽ ክብ ባትሪ አለች። ይህች ባትሪ ስታልቅ ከእያንዳንዱ የመብራት መጥፋት በኋላ ሰዓቱ ወደ ፋብሪካው መነሻ፣ ለምሳሌ ወደ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ወይም 2000 ይመለሳል። በማስታወሻ ካርድ የሚሠሩ ትንንሽ ካሜራዎች ደግሞ ባትሪው ጨርሶ ላይኖራቸው ስለሚችል ኢንተርኔት እስኪያገኙ ድረስ የተሳሳተ ጊዜ ያሳያሉ።

ቀስ በቀስ መዛነፍ። ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ሰዓት በጥቂቱ ይቀድማል ወይም ይዘገያል። በቀን 1 ሰከንድ ብቻ የሚሳሳት መሣሪያ በዓመት ውስጥ ከ6 ደቂቃ በላይ ይሳሳታል።

የማስተካከያው ቅደም ተከተል

የምርጫዎቹ ስያሜ እንደ መሣሪያው ዓይነት ቢለያይም አሠራሩ ተመሳሳይ ነው።

1. በይለፍ ቃልዎ ወደ መቅረጫው ወይም ወደ ካሜራው የስልክ መተግበሪያ ገብተው ‹ሴቲንግ› ከሚለው ሥር ‹ሲስተም›፣ ‹ጄኔራል› ወይም ‹ዴት ኤንድ ታይም› የሚለውን ይክፈቱ።
2. ‹ታይም ዞን› በሚለው ቦታ +03፡00ን ይምረጡ። አዲስ አበባ በዝርዝሩ ከሌለች በተመሳሳይ ቀጠና የምትገኘውን ናይሮቢን መምረጥ ይቻላል።
3. ‹ዲ.ኤስ.ቲ.› የሚለውን ይዝጉ።
4. የቀኑ አጻጻፍ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል፣ ሰዓቱም በ24 ሰዓት አቆጣጠር እንዲሆን ያድርጉ። 05/06 ተብሎ የተጻፈ ቀን ሜይ 6 ይሁን ጁን 5 ለማወቅ ያስቸግራል።
5. መሣሪያው ኢንተርኔት ካለው ‹ኤን.ቲ.ፒ.› የሚለውን ይክፈቱ። ይህም መሣሪያው ትክክለኛውን ሰዓት ከሰዓት ሰርቨር በየጊዜው እንዲወስድ ያደርገዋል። የጊዜ ልዩነቱ በደቂቃ የሚሞላ ከሆነ 1440 ሲሞላ በቀን አንድ ጊዜ ይታረማል።
6. ኢንተርኔት ከሌለ ሰዓቱን ከስልክዎ ጋር አስተያይተው በእጅ ይሙሉ፤ በየወሩም ያመሳክሩ።
7. ካሜራዎቹ ሰዓታቸውን ከመቅረጫው እንዲወስዱ የሚያደርግ አማራጭ ካለ ይክፈቱት።
8. ለውጡን መዝግበው አዲስ ቀረጻ በመክፈት ያረጋግጡ።

ባትሪው መሥራቱን ለማወቅ መቅረጫውን በአግባቡ ያጥፉ፤ የኢንተርኔት ገመዱንና የኃይል ገመዱን ነቅለው ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ የኃይል ገመዱን ብቻ መልሰው ይሰኩ። ሰዓቱ ወደ ኋላ ከተመለሰ ባትሪው መቀየር አለበት። የመቅረጫውን ሳጥን መክፈት የሚቻለው ከኃይል ምንጭ ከተለየ በኋላ ብቻ ነው፤ ዋስትናው ያልተጠናቀቀ ከሆነ ሥራውን ለተከለው ባለሙያ መስጠት ይመረጣል። የወጣችው ባትሪ በሕፃናት ከተዋጠች ብርቱ የውስጥ ጉዳት ስለምታደርስ እጃቸው ከማይደርስበት ቦታ ልትቀመጥ ይገባል።

የካሜራውን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ማንበብ

በቀን ከ1 እስከ 11 ሰዓት ላለው ጊዜ 6 ይደመራል፤ ከጠዋቱ 3፡00 በካሜራው 09፡00 ነው። ከምሽቱ 1 እስከ 5 ሰዓት ላለው 18 ይደመራል፤ ከምሽቱ 2፡00 በካሜራው 20፡00 ይሆናል። ከሌሊቱ 6 እስከ 11 ሰዓት ካለው ደግሞ 6 ይቀነሳል፤ ከሌሊቱ 8፡30 በካሜራው 02፡30 ነው። የንጋቱ 12፡00 ሰዓት 06፡00፣ የምሽቱ 12፡00 ሰዓት 18፡00 ነው።

ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው የሌሊቱ ጊዜ ነው። በካሜራው ቀኑ የሚቀየረው ከሌሊቱ 6፡00 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8፡30 የተፈጸመ ድርጊት የሚገኘው በማክሰኞ ቀረጻ ውስጥ እንጂ በሰኞው አይደለም። ለፖሊስ ቃል ሲሰጥም ሆነ ማመልከቻ ሲጻፍ ‹ሰኞ ሌሊት› ብቻ ከማለት ይልቅ ‹ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ› ማለት፣ ቀጥሎም ካሜራው ያሳየውን ቀንና ሰዓት እንዳለ መጥቀስ አሻሚነትን ያስወግዳል።

ተገልጋዮች የካሜራቸውን ሰዓት ቢያንስ በወር አንድ ጊዜና መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር እንዲያመሳክሩ ይመከራል። ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስደው ይህ ልማድ ቀረጻው በሚፈለግበት ዕለት ለእውነት ማረጋገጫነት እንዲበቃ ያደርገዋል።